መዓዛ ያለው የመታጠቢያ ድቡልቡል፤ ከጐረመሱ ልጆቻችን ጋር በቤት ሲሠራ

በአገራችን ቤትን ማሳመር ማለት ግድግዳ መለሰንና ወለል መጥረግ ብቻ አይደለም። እንግዳ ሲጠበቅ ቀጤማ ይጐዘጐዛል፤ ቡና ሲፈላ እጣን ይጤሳል፤ የወተቱ ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ለበዓል አሪቲ ከገበያ ይገዛል፤ አደስ የገባበት ቅቤም ለጠጕር ይቀባል። በወሎ ደግሞ የወይባ ጢስ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሴቶች በጕድጓድ ውስጥ በሚጤሰው የወይባ እንጨት ላይ ተቀምጠው ገላቸውን ያጥናሉ፤ ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። እንግዲህ የመዓዛና የገላ ንጽሕና ነገር ለወሎ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ ግን የቤታችን ልጆች በስልካቸው መስኮት ሌላ ነገር ይመለከታሉ። ይኸውም ቀለሙ ያማረ፥ ብርቱካን የሚያህል፥ ውኃ ውስጥ ሲጣል እየፈላ የሚሟሟና ውኃውን መልካም መዓዛ የሚያላብሰው ድቡልቡል ነው። ይህን ዕቃ በመጀመሪያ የሠራችው ሞ ኮንስታንቲን የምትባል እንግሊዛዊት ስትሆን፥ ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ ሐሳቡንም ያገኘችው ለሆድ ሕመም በውኃ ውስጥ እየፈላ ተሟሙቶ ከሚጠጣው ክኒን ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ድቡልቡሉ በዓለም ተሰራጭቶ በትልልቅ ከተሞች ሱቅ በውድ ዋጋ ይሸጣል።

ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ይህን አይታ «እማ፥ ይህን ግዢልኝ» ብትል፥ የብዙ እናቶች መልስ «ለውኃ ማሽተቻ ደግሞ ገንዘብ ይወጣል እንዴ!» የሚል ነው። መልሱ ከኑሮ ውድነት የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሌላ አንድ መልስ አለ፤ እርሱም «ነይ፥ አብረን እንሥራው» የሚለው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መልስ ይናገራል።

ለምን ከልጆች ጋር?

ሕፃን ሳለ ከእናቱ ቀሚስ የማይለይ ልጅ ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ድንገት ዝም ይላል። ድምፁ ይጐረንናል፤ ፊቱ ላይ ብጕር ይወጣል፤ ልጃገረዲቱም የራሷ አካል አዲስና እንግዳ ይሆንባታል። በብብት ያሉት ዕጢዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በዚሁ ዕድሜ ስለ ሆነ የላባቸው ጠረን ይለወጣል። ልጆቹ ይህን ከማንም በፊት ራሳቸው ያውቁታል፤ ያፍሩበታልም። በዚህ ጊዜ በሰው ፊት «ሸተትህ፥ ታጠብ!» ብሎ መናገር የልጅን ልብ የሚዘጋ ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍም ልጁን ከነኀፍረቱ ብቻውን መተው ነው።

ይህ የዕድሜ ዝምታ በየአገሩ ያለ ቢሆንም፥ በሰሜን ወሎ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ሆኖ ይታያል። ከግራና፥ ከመርሳና ከሌላውም የሀብሩ ወረዳ መንደር ልጃገረዶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች እንደሚሄዱ፥ ጐረምሶችም በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው በየመን ምድር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ እንደሚነሡ የማያውቅ የለም። ከጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160 ሺ በላይ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነት ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ልጆች ከትምህርታቸው ተለይተው፥ ለዕድሜያቸው የማይገባውን አይተው ከረሙ። እንዲህ ያለውን ነገር በልቡ የያዘ ልጅ የሚያስበውን ለወላጁ ካልነገረ ለሌላ ሰው መንገሩ አይቀርም፤ ያም ሌላ ሰው ደላላ ሊሆን ይችላል። ብዙ እናት የልጇን መሄድ የሰማችው ልጅቱ መንገድ ከገባች በኋላ ነው።

የሽቱ ድቡልቡል መሥራት ልጅን ከስደት ያስቀራል አንልም፤ እንዲህ ያለ ቃል ብንናገር አንባብያንን መናቅ ይሆንብናል። የምንለው ሌላ ነው። ጐረምሳን ወይም ኮረዳን ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆነሃል? ምን ታስቢያለሽ?» ብለው ቢመረምሩ የሚያገኙት መልስ «ምንም» የሚል ነው። እጁ በሥራ ሲያዝ፥ ዐይኑም ከሚሠራው ላይ ሲያርፍ ግን ምላሱ ይፈታል። አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። እናትና ልጅ ጥጥ ሲፈትሉ፥ ጥራጥሬ ሲለቅሙ፥ ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፥ በጉባኤ የማይነገረው ሁሉ በዚያ ይነገር ነበር። የቧንቧ ውኃና የሱቅ ሳሙና የእናቶችን ድካም ስላቃለሉ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ያንን የጨዋታ ሰዓት ይዘውት ሄደዋል። ስለዚህ በምትኩ ሌላ የጋራ ሥራ ልንፈልግ ይገባናል። ልጆቹ ራሳቸው የወደዱትና የመረጡት ሥራ ሲገኝ ደግሞ እርሱን መያዝ ብልኅነት ነው።

ይህ የሴት ልጅ ሥራ ብቻ ነው የሚል አባት ቢኖር፥ ሥራው መመዘን፥ መውቀጥ፥ መንፋትና መጭመቅ ያለበት መሆኑን ይመልከት። ወንድ ልጅም ገላ አለው፤ ንጽሕናም ይገባዋል።

ድቡልቡሉ ስለ ምን ይፈላል?

ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ወላጅም መልሱን ቢያውቅ ክብሩ ይጨምራል። የድቡልቡሉ ዋና ነገር ሁለት ነጭ ዱቄቶች ናቸው። አንዱ ኬክ ሲጋገር የሚጨመረው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሁለተኛው ሲትሪክ አሲድ የሚባለው ሲሆን፥ ሎሚን ሎሚ የሚያሰኘው ኮምጣጣ ነገር እርሱ ነው። ካርል ቪልሄልም ሼለ የተባለው የስዊድን የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1784 ዓ.ም. ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ አወጣው። ዛሬ በፋብሪካ የሚዘጋጀው ግን በአብዛኛው ከሎሚ አይደለም፤ ስኳር ላይ በሚያድግ የሻጋታ ዘር አማካይነት ነው።

እነዚህ ሁለት ዱቄቶች ደረቅ ሆነው ሲቀላቀሉ እርስ በርሳቸው አይነካኩም። ውኃ ሲያገኛቸው ግን ይሟሙና ይዋሐዳሉ፤ ከውሕደታቸውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይወጣል። ውኃውን የሚያፈላው እሳት ሳይሆን ይህ አየር ነው፤ እንዲያውም ሁለቱ ሲዋሐዱ ሙቀት ስለሚስቡ ጥቂቱን በብርጭቆ ውኃ ቢሞክሩት ብርጭቆው ቀዝቀዝ ሲል በእጅ ይታወቃል። ይኸው አየር ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ሊጥ ሲቦካ ተነሥቶ ለእንጀራችን ዐይን የሚያወጣለት እርሱ ነው፤ የአምቦ ውኃ ሲከፈት ሽቅብ የሚፈልቀውም እርሱ ነው። ልጅ ይህን ከተረዳ የትምህርት ቤቱ ኬሚስትሪ ከእናቱ ምጣድ ጋር የተዛመደ መሆኑን ያያል።

ተማሪ ያለበት ቤት አንድ ሙከራ ቢጨምር መልካም ነው። ጥቂት ከርከዴ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ቀዩን ውኃ በሁለት ብርጭቆ መክፈል፤ በአንዱ ሎሚ ጠብ ማድረግ፥ በሁለተኛው ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ መነስነስ። ሎሚ ያለበት ደም መስሎ ይቀላል፤ ሶዳ ያለበት ግን ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ኮምጣጣና ተቃራኒው በዐይን ሲታዩ እንዲህ ናቸው።

ከውኃና ከአረፋ ፊት ቆሞ በደንብ መመልከት ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ምሳሌ ከራሳችን አገር አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ ሳሉ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ተነሥተው የእንዶድን ኀይል መረመሩ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በዚሁ ሥራ በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዓመቱ የእንግሊዛዊቷ ድቡልቡል የተሠራበት ዓመት መሆኑ ግጥምጥም ነው። እንዶዱንና ወንዙን ከዶክተር አክሊሉ በፊት ብዙ ሰው አይቷል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን እርሳቸው ናቸው። «ለምን ይፈላል?» ብላ የምትጠይቅን ልጅ «ዝም ብለሽ ሥሪ» የማንላትም ስለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉት ነገሮች

መለኪያችን የቡና ሲኒ ይሁን።

1ኛ፥ ቤኪንግ ሶዳ 2 ሲኒ።
2ኛ፥ ሲትሪክ አሲድ 1 ሲኒ፤ ለምግብ የሚሆነው ዓይነት ይመረጣል።
3ኛ፥ የበቆሎ ስታርች 1 ሲኒ፤ ባይገኝ ግማሽ ሲኒ የላመ ጨው።
4ኛ፥ የደረቀና የላመ የመዓዛ ቅጠል 1 የሾርባ ማንኪያ።
5ኛ፥ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት 2 የሻይ ማንኪያ።
6ኛ፥ ለመርጨት ያህል ጥቂት ውኃ።

መዓዛውን በተመለከተ፥ ከሱቅ የሚገዛውን ሽቱ መፈለግ ግድ አይደለም። የአደስ ቅጠል፥ ጠጅ ሳር፥ የደረቀ የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭ ይበቃል። እንደ ሀብሩ ፍራፍሬ በሚበቅልበት አገር ልጣጩ የሚጣል ነገር ነው፤ ልጆች ከሚጣለው ነገር የሚጠቅም ሲያወጡ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ቅጠሉና ልጣጩ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ መዓዛውን ያጠፋዋልና። ሲታሽ የሚንኮሻኮሽ ሲሆን በሙቀጫ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋ።

እጣንን ወይም ከርቤን አልሞ ጥቂት መጨመር ይቻላል። ነገር ግን ለቤተ ክርስቲያን የተለየው እጣን ለቤተ ክርስቲያን ይቆይ፤ ጸበልም ለጸበልነቱ ይሁን እንጂ ለዚህ ጨዋታ አይቅረብ። ልጆች በሚቀደሰውና በሚጫወቱበት መካከል ያለውን ልዩነት የሚማሩት ከእንዲህ ያለው ትንሽ ጥንቃቄ ነው።

አሠራሩ

አስቀድሞ እጅም ዕቃም ፍጹም ደረቅ ይሁን። ሶዳው፥ ስታርቹና የላመው ቅጠል በአንድ ሳፋ ይቀላቀሉና እብጠቱ እስኪጠፋ በእጅ ይታሹ። ሲትሪክ አሲዱ በመጨረሻ ይጨመር። ቀጥሎ ዘይቱ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይታሽ።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ደረሰ። ውኃውን አንዱ ልጅ በጣቱ ጫፍ እየነከረ ይርጭ፤ ሌላው ወዲያው ወዲያው ይሽ። ውኃ በአንድ ጊዜ ከበዛ ዱቄቱ እዚያው ሳፋው ውስጥ ፈልቶ ያልቃል፤ ካነሰም አይያያዝም። ልኩ የሚታወቀው ከዱቄቱ ጥቂት በጭብጥ ይዘው ሲጨምቁት እንደ ርጥብ አሸዋ ቅርጹን ይዞ ሲቀር ነው። ከዚህ በኋላ መርጨት ማቆም ይገባል።

ቅርጽ ማውጫው የቡና ሲኒ ነው። ሲኒውን እስከ ግማሹ ሞልቶ በአውራ ጣት አጥብቆ መጠቅጠቅ፥ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍቶ ጀርባውን በማንኪያ ቀስ አድርጎ መምታት ነው። ከዚህ ልክ አምስት ወይም ስድስት ያህል ይወጣል። ድቡልቡሎቹ ሳይነኩ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ይቆዩ። እንደ ግራና ባለው ሞቃት አገር በበጋ ወራት ፈጥነው ይደርቃሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን የአየሩ ርጥበት ቀስ በቀስ እያፈላ ስለሚያበላሻቸው በዚያ ወራት ባይሠሩ ይመረጣል። ሲደርቁ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ይቀመጡ።

የመጀመሪያው ድቡልቡል ቢፈርስ ልጆቹን መቆጣት አይገባም። የፈረሰው ዱቄት እንዲሁ በማንኪያ ተጨልፎ ውኃ ላይ ቢነሰነስ ይፈላል፤ የጠፋ ነገር የለም።

ሲትሪክ አሲድ በአቅራቢያ ባይገኝስ? ያን ጊዜ ድቡልቡል መሥራቱ ይቀርና፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ከላመው ቅጠል ጋር ለብ ባለ ውኃ ተበትኖ በላዩ ሁለት ሎሚ ይጨመቅበታል። ሎሚ ፈሳሽ ስለ ሆነ ከሶዳው ጋር ለነገ ተቀላቅሎ ሊቀመጥ አይችልም፤ ፈላ የሚለው ወዲያው ነው። ለልጆች ደስታ ግን ይህም በቂ ነው።

ሊጠነቀቁት የሚገባ

ከሁሉ አስቀድሞ የስም መመሳሰል አያሳስት። ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግለው ኮስቲክ ሶዳ ሌላ ነው፤ እርሱ ሥጋን የሚያቃጥል፥ ዐይንን የሚያጠፋ ነው። ስለዚህ ስሙ ሳይጻፍበት በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ለዚህ ሥራ ከቶ አይገዛ። ቤኪንግ ፓውደር የተባለውም ከቤኪንግ ሶዳ የተለየ ነው፤ ጕዳት ባያደርስም ለዚህ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ የሲትሪክ አሲድ ብናኝ ዐይንንና አፍንጫን ያቃጥላል፤ ሲሰፈር በቀስታ ይሁን። ዐይን ውስጥ ቢገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ወዲያው መታጠብ ይገባል። እጅ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ በዚያ ቀን ሰፋሪ ይሁን እንጂ አሺ አይሁን።

ሦስተኛ፥ ልጆች አንድ ነገር ሲፈላ ካዩ ሌላውንም ቀላቅለው ለማየት ይቸኩላሉ። በረኪናን ከሎሚ፥ ከኮምጣጤ ወይም ከሲትሪክ አሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ መርዘኛ አየር እንደሚያወጣ አስቀድሞ ይነገራቸው። ሶዳውንና አሲዱን ከውኃ ጋር በጠርሙስ ከድኖ መናጥም ጠርሙሱን ያፈነዳል።

አራተኛ፥ ቅጠል ሁሉ ለገላ አይሆንም። ጤና አዳም ለቡና የሚወደድ ቢሆንም፥ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ቁስል ያወጣል፤ ስለዚህ ከመታጠቢያ አይግባ። የሎሚ ጭማቂም በቆዳ ላይ ደርቆ ፀሐይ ቢመታው እንዲሁ ሊያደርግ ስለሚችል በንጹሕ ውኃ መለቅለቅ ይገባል። እርድ ቀለሙ ቢያምርም ፎጣውንና ነጠላውን ያበላሻል።

አምስተኛ፥ ድቡልቡሉን አዲስ የሚሞክር ሰው በጥቂት ውኃ በጥብጦ በክንዱ ውስጠኛ ወገን ይቀባና እስከ ማግሥቱ ይጠብቅ፤ ካሳከከው ይተወው። ለሕፃናት አይሁን። ልጃገረዶችም ንጽሕናቸውን ሲጠብቁ ለኀፍረተ ሥጋ ስፍራ ንጹሕ ውኃ ብቻ እንደሚበቃና ሽቱ የገባበት ነገር እንደሚጎዳ እናት ታስረዳ። ይህን ቃል ባልተዘጋጀ ሰዓት መናገር ለእናትም ለልጅም ያሳፍራል፤ ሁለቱም አንድ ሳፋ ላይ ጐንበስ ባሉ ጊዜ ግን የሥራው ክፍል ሆኖ በቀላሉ ይነገራል።

ገንዳ ለሌለው ቤት

አንባቢያችን እስከዚህ ድረስ አንብባ «እኛ ዘንድ ሰው የሚተኛበት የመታጠቢያ ገንዳ የት አለ?» ብትል ጥያቄዋ ትክክል ነው። አንድ ሰው ተጋድሞ የሚታጠብበት ገንዳ ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ይፈጃል፤ ውኃ በጀሪካን ለሚመጣበት ቤት ይህ የማይታሰብ ነው፤ ልናስበውም አይገባም። ይሁን እንጂ ድቡልቡሉ ገንዳ አይፈልግም። 5 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ የያዘ ሳፋ ይበቃዋል፤ ያም ለእግር ነው።

እግር ማጠብ ደግሞ የእኛው ወግ ነው። ከእርሻ ወይም ከመንገድ የመጣ ሰው አረፍ ሲል ውኃ ተሙቆ እግሩ ይታጠብለት ነበር፤ አጣቢውም ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነበር። አብርሃም በመምሬ አድባር እንግዶቹን ሲቀበል አስቀድሞ የጠየቀው እግራቸው የሚታጠብበትን ውኃ ነው። ይህ ወግ በየከተማው እየቀረ ሲሄድ፥ ልጆች የአያታቸውን እግር ከነስንጥቁ ሳያዩ ማደግ ጀምረዋል።

እንግዲህ ልጆቹ የሠሩትን የመጀመሪያ ድቡልቡል ለራሳቸው ከመጠቀማቸው በፊት፥ በቤቱ ላሉት አረጋዊ ወይም አረጋዊት ያቅርቡ። ጐረምሳው ውኃውን ይሸከም፤ ልጅቱ ሙቀቱን በክንዷ ትለካ፤ ድቡልቡሉም በአያቲቱ እግር ሥር ሲፈላ ሁሉም ይይ። አያቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ መገረማቸውና መሣቃቸው የማይቀር ነው፤ ከሣቁም በኋላ ስለ ወይባ፥ ስለ እንዶድ፥ ስለ ድሮው የሠርግ ቅባት መናገር ይጀምራሉ። ልጆቹ ከስልካቸው ያላገኙትን ያን ጊዜ ይሰማሉ። በዚህም ጊዜ አንድ ነገር አይዘንጋ፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግር ብዙ ጊዜ ሙቀትን አያውቅም፤ ቁስልም አይሰማውም። ስለዚህ ለእርሱ ተራ ለብ ያለ ውኃ፥ አጭር ጊዜና በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ ይገባል እንጂ ድቡልቡሉ አይገባም። ዘይት ስላለበትም ውኃው በወለል ላይ ቢፈስ ያንሸራትታል፤ ከታጠቡ በኋላ ከአትክልት ሥር ርቆ ይደፋ።

የቀሩት ድቡልቡሎች በወረቀት ተጠቅልለው ለጎረቤት ስጦታ ይሆናሉ። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት በበዓል መጠያየቁ የቆየ ነውና፥ ልጆች በእጃቸው የሠሩትን ለዒድም ለፋሲካም ይዘው ቢሄዱ ከተገዛ ዕቃ ይልቅ ይከበርላቸዋል።

በመጨረሻም ለአባቶችና ለእናቶች አንድ ቃል አለን። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። በቤት የሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ ሆኖም ትርጕሙን ከዚያ መማር እንችላለን። በዚያች ሌሊት ጐንበስ ያለው ትንሹ አልነበረም፤ መምህሩ ነበር። ልጆቻችን እግራችንን እንዲያጥቡ ማስተማር መልካም ወግ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ተራው ይዙር። አባት ዝቅ ብሎ የጐረመሰ ልጁን እግር ይጠብ፤ እናትም የኮረዳይቱን። ልጁ መጀመሪያ ያፍራል፤ እግሩንም ሊሰበስብ ይፈልጋል። ግድ የለም፤ ይታገሡት። ያ እግር ነገ ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም፤ ዛሬ ግን በእጃችን ውስጥ ነው። ውኃው ሳይቀዘቅዝ ልጁ የሚናገረው ነገር ሊኖረው ይችላልና፥ ያን ጊዜ እኛ ዝም ብለን እንስማው።